እጅዎን ከላይ አያምጡባት

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ አፍሉ።

ባለፈው ሚያዝያ ጎረቤቶቻችን ወደ ካናዳ ሲሄዱ ግማሹን ዕቃ ሸጡ፣ ግማሹን ለዘመድ አከፋፈሉ፤ አንዲት ወፍ ግን ገዢም ወራሽም አጣች። ልጆቹ «ሎሚ» ነው የሚሏት። ደረቷ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቢጫ ነው። ከነሽቦ ጎጆዋ አምጥተው ሳሎናችን መስኮት ሥር አስቀመጧትና፣ ትንሹ ልጅ ዓይኑን እየጠረገ «ጋሼ፣ ትነክሳለች እሺ» ብሎኝ ሄደ። ሌላ መመሪያ አልተሰጠኝም።

ትነክሳለች ማለት ሲያንስ ነው። በሦስተኛው ቀን ጎጆዋን ላጽዳ ብዬ እጄን ባስገባ ጣቴን ይዛ አልለቅም አለች። ደም ወጣ። አርባ ግራም የማትሞላ ፍጡር! እኔም እልህ ያዘኝ። ፎጣ አመጣሁ፣ አሳደድኳት፣ ጠቅልዬ ያዝኳት። «ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ» ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። ልቧ በፎጣው ውስጥ ሲመታ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ሞባይል ሲነዝር ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሎን ገና ስገባ የጎጆዋ ጥግ ላይ ትለጠፍ ጀመር። ባለቤቴ ይሄን አይታ «አንተ ደግሞ፣ ጡረታ ወጥተህም ክፍል መቆጣጠር አልተውክም» አለችኝ።

ያኔ ነው ፎቶዋን እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ምክር የጠየቅኳችሁ። ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁብኝ፤ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ደግሞ «ልቀቃት፣ ነፍስ አላት» አላችሁኝ። እሱን እኔም አስቤው ነበር። ግን ሎሚ በጄሪጋር የምትባል የአውስትራሊያ ወፍ ናት። እናቷም አያቷም ሽቦ ውስጥ ነው የተፈለፈሉት። ብለቃት የመጀመሪያው ቁራ ወይም የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ይጨርሳታል። የራሳችን የሆኑት ወፎች፣ ባለ ጥቁር ክንፉ ትንሽ በቀቀንና ግንባረ ቢጫው በቀቀን፣ እነሱ ዛፋቸው ላይ ይኑሩ፤ አንድም ሰው ይዞ እንዲያሳድጋቸው አልመክርም። የሷ ጉዳይ ሌላ ነው። መመለሻ አገር የላትም።

ከምክሮቹ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው በውስጥ መስመር የመጣ አንድ አጭር መልእክት ነው። «ቲቸር፣ እጅዎን ከላይ አያምጡባት። ለወፍ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው።» የላከው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እንግዲህ እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ታሪክ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ማድረግ ጀመርኩ፦ ሰው የማይወደውን ወፍ እንዴት ለማላመድ እንደሞከረ ማንበብ። ለካ ነገሩ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ ከዚያም በላይ የአስተማሪዎች ታሪክ ነው።

ከአስተማሪው ልጀምር። ቲ. ኤች. ዋይት ይባላል፤ ስለ ንጉሥ አርተር በጻፋቸው ልብ ወለዶች የሚታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ። በፈረንጆቹ 1936 ስቶው በሚባል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሥራውን ለቆ እዚያው አካባቢ ጫካ ውስጥ አንዲት አሮጌ የጥበቃ ቤት ተከራየና ከጀርመን ጎስሃውክ የሚባል የጫካ ጭልፊት አስመጣ። ጎስሃውክ ከአዳኝ ወፎች ሁሉ በክፉ ጠባዩ የታወቀ ነው። ወፉ በቅርጫት ተሰፍቶ በባቡር መጣ። ዋይት ስም ሲያወጣለት ብዙ አልተጨነቀም፤ «ጎስ» አለው።

ሰውየው ከዚያ በፊት ጭልፊት አሠልጥኖ አያውቅም። ዋና መምህሩ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ኤድመንድ በርት የተባለ ሰው በ1619 ያሳተመው። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ! ያ መጽሐፍ የሚያዘው ወፉን እንቅልፍ መንሳትን ነው። ጭልፊቱ በጓንት ላይ ይቀመጣል፤ ሰውየውም አይተኛም፣ ወፉም አይተኛም፤ ቀድሞ የደከመው ይሸነፋል። በመጨረሻ ወፉ ከመድከሙ የተነሳ የሚጠላው ሰው ክንድ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። እንቅልፍ ወሰደው ማለት ደግሞ አመነ ማለት ነው፤ ቢያንስ የበርት ሒሳብ እንደዚያ ነው።

ዋይት ሦስት ሌሊት ተቀመጠ። ጎተራው ውስጥ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ወፉን በክንዱ ይዞ። ሼክስፒርን በቃሉ ይወጣለታል። ምግብ ሲሰጠው ሃያ ሦስተኛውን መዝሙረ ዳዊት በዜማው ያፏጭለታል፣ ወፉ ፉጨቱን ከሥጋ ጋር እንዲያያይዘው። ጎስ በየደቂቃው ራሱን ከጓንቱ ላይ ወርውሮ በእግሩ ጠፍር ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ዋይት ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይወረወራል። ይሄን ሳነብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የነበረ አንድ 9ኛ ክፍል ትዝ አለኝ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በልጅነቱ ብዙ ተገርፏል፤ በትምህርት ቤትም በቤትም። ስለዚህ ወፉን ፈጽሞ ላይመታ ለራሱ ቃል ገብቷል። ችግሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። አንድ ቀን ያዝንለትና ከመጠን በላይ ያበላዋል። የጠገበ ጭልፊት ደግሞ ሰውን ለምን ብሎ ያያል? እምቢ ሲለው ይናደዳል፣ ያስርበዋል። ማግስቱን ይጸጸትና እንደገና ያጠግበዋል። ወፉ የቱን ሰውዬ ይመን?

ከሳምንታት በኋላ ጎስ ረጅም ሲባጎ ታስሮ እየበረረ ክንዱ ላይ መምጣት ጀምሮ ነበር። ሲባጎው ያረጀ ነው። ከዚያ በፊትም ተበጥሶ ያውቃል፤ ዋይት ይሄን እያወቀ አልቀየረውም። አንድ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ተበጠሰ፤ ጎስም ሄደ። ዋይት ጫካ ለጫካ እያፏጨ ፈለገው፤ አልተመለሰም።

ማስታወሻውን ለዓመታት ደብቆ አስቀመጠው። በኋላ አንድ አሳታሚ ቤቱ እንግድነት ሄዶ አገኘውና በ1951 ታተመ። ዋይት መጨረሻው ላይ በጨመረው ጽሑፍ፣ የተጠቀመበት ዘዴ ዘመን ያለፈበት እንደነበር፣ በጊዜው የነበሩ አሠልጣኞች ያን ሁሉ ሌሊት ሳያጠፉ በጥቂት ሥጋና በብዙ ትዕግሥት ያንኑ ውጤት ያገኙ እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ለኔ የመጽሐፉ ክብር እዚያ ላይ ነው። ብዙ መምህር ይሄን ሳይጽፍ ነው ጡረታ የሚወጣው።

ታዲያ ከዋይት ሰባት መቶ ዓመት ቀድሞ ነገሩን በደንብ የተረዳ ሰው ነበር። ዳግማዊ ፍሬድሪክ (1194–1250)፣ የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት፣ የሲሲሊ ንጉሥ። በዚያ ዘመን እኛ አገር ዛጉዌዎች ነበሩ ዙፋን ላይ። ስለ መስቀል ጦርነት ያስተማርኳችሁ ይሄን ሰው ታስታውሱታላችሁ፤ ፈተና ላይ እወደው ነበር። በ1227 ጳጳሱ አወገዙት፤ እንደተወገዘ በ1228 ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ በ1229 ከግብፁ ሱልጣን ከአልካሚል ጋር ተደራድሮ ያለ አንድ ጦርነት ኢየሩሳሌምን በስምምነት አገኘ። ሌሎቹ በሰይፍ ያቃታቸውን በደብዳቤና በስጦታ ማለት ነው። ስለ ተናደዱበት ሰዎች ብዛት ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል።

ፍሬድሪክ ለአደን ወፍ ያበደ ሰው ነው። ከዐረብ አገር ጭልፊት አሠልጣኞችን አስመጣ፤ የዐረብኛ መጽሐፋቸውንም አስተረጎመ። ራሱ ደግሞ «በወፍ የማደን ጥበብ» የሚል ትልቅ መጽሐፍ በላቲን ጻፈ። በመግቢያው ላይ ለመጻፍ ወደ ሠላሳ ዓመት እንዳዘጋጀው ይናገራል። ደፋርነቱ የሚገርመው አርስቶትልን ማረሙ ነው። ሰውየው ብዙውን የጻፈው ከሌላ ሰምቶ ነው፣ እሱ ራሱ ጭልፊት ይዞ የወጣ አይመስልም ይላል። በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን አርስቶትልን እንዲህ ማለት፣ አስቡት።

መጽሐፉ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው። ጭልፊት በኃይል የሚገዛ እንስሳ አይደለም። ፈረስን ልጓም ይይዘዋል፣ ውሻን ጅራፍ ያስፈራዋል። ጭልፊት ግን ሥራው አየር ላይ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ሁሉ ነጻ ነው። ካልፈለገ አይመለስም። በቃ። ንጉሠ ነገሥት ሁን ምን ሁን፣ ሰማይ ላይ ያለን ወፍ ማዘዝ አትችልም።

ከዱር የተያዘ ጭልፊት የሰው ፊት ሲያይ ይሸበራል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ልማድ ዓይኑን በክር መስፋት ነበር፤ የታችኛውን ሽፋሽፍት ወደ ላይ ስቦ። አዎ፣ ይዘገንናል፤ ፍሬድሪክም ይሄንኑ በዝርዝር ያስተምራል። ወፉ በጨለማ ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ የሰውን ድምፅ፣ የሰውን እጅና የምግብን ጣዕም ይለምዳል። አሠልጣኙ ባበላው ቁጥር አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማዋል። ከዚያ ክሩ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ዓለም በጥቂት በጥቂቱ ትመለሳለች፤ ወፉ መጨረሻ ላይ ፊትህን ሲያይ ድምፅህን አስቀድሞ ያውቀዋል። በኋላ ከምሥራቅ ዐረቦች የተማረው የቆዳ ቆብ መጣ፤ የወፉን ራስ አጥልቀህ የምታወልቀው። ቆቡ የመስፋቱን ጭካኔ ቀስ በቀስ አስቀረው። ለማወዳደር ያህል፣ ቆቡን ያመጣው ያው አልካሚልና ፍሬድሪክ የተገናኙበት ዓለም ነው፤ ሰይፍ ያላመጣውን ንግግር አመጣው።

አሠልጣኙ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበትም ይዘረዝራል። ሰካራም አይሁን፣ እንቅልፋም አይሁን፣ ሰነፍ አይሁን፤ ከሁሉም በላይ ግልፍተኛ አይሁን። ይሄን ሳነብ ለመምህራን ማሠልጠኛ የተጻፈ መስሎኝ ሽፋኑን መልሼ አየሁት።

ግን ሰውየውን ቅዱስ አላድርገው። ለጭልፊት የነበረው ትዕግሥት ለሰው አልነበረውም። ለዓመታት ቀኝ እጁ የነበረውን ባለሟሉን ፒየር ዴላ ቪኛን በ1249 በክህደት ጠርጥሮ ዓይኑን አሳወረው። የወፍን ዓይን ቀስ ብሎ የመክፈትን ጥበብ የጻፈ ሰው ነው ይሄን ያደረገው። ታሪክ ሳስተምር ከሁሉ የሚያስቸግረኝ እንዲህ ያለው ቦታ ነው፤ ተማሪ «ታዲያ ጥሩ ሰው ነበር ወይስ መጥፎ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ደወል ይደወላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለወደድኩት ብቻ። በ1248 ፍሬድሪክ የፓርማን ከተማ ከቦ ሳለ አንድ የካቲት ቀን ጭልፊቶቹን ይዞ አደን ወጣ። የከተማው ሰዎች ያን ጊዜ ጠብቀው ወጡና ሰፈሩን አቃጠሉ፤ ዘውዱን ወሰዱ፤ የወፍ መጽሐፉን ውብ ቅጂም ዘረፉ። በወፍ ምክንያት ጦርነት የተሸነፈ ንጉሥ! ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያለው የታወቀው ቅጂ ልጁ ማንፍሬድ በኋላ ያስጻፈው ነው። እዚያ ቅጂ ላይ አራት ቦታ አንድ ነጭ ወፍ ተስላለች፤ ኮካቱ የምትባል ባለ ጉትዬ በቀቀን፤ የግብፁ ሱልጣን ስጦታ። ኮካቱ የሚኖረው ከአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣ ከኒው ጊኒና ከአጠገባቸው ካሉ ደሴቶች ነው። ማለት ካፒቴን ኩክ ከመወለዱ አምስት መቶ ዓመት አስቀድሞ የሎሚ የአገር ልጅ በነጋዴ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ካይሮ፣ ከካይሮም ሲሲሊ ደርሳለች። ስንቱን እጅ ነክሳ ይሆን?

የሎሚ ዘሮች ግን ወደ ሰው ቤት የገቡት በቅርብ ነው። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ አጥኚ በ1840 ከነሕይወታቸው ወደ እንግሊዝ አመጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ሞሉት። አንድ መቶ ሰማንያ ምናምን ዓመት ማለት ነው። ውሻ ከሰው ጋር ከአሥራ አምስት ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ስለዚህ ወፍ «ተግባቢ አይደለችም» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ የተሰኩት ከኋላ የሚመጣባትን እንድታይ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱም ዓይኖቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ እንደ ጭልፊት። በቀጥታ ዓይን ዓይኗን እያየን «ነይ ውዴ» ስንላት፣ በሷ ቋንቋ «ልበላሽ ነው» እያልን ነው።

የትልልቆቹ በቀቀኖች ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ እነሱ በዘር ትውስታ ብቻ አይደለም የሚፈሩን። የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካው ግራጫ በቀቀን ንግግር በመቅዳት ስለሚታወቅ ከ1975 ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከዱር ተይዞ በሕጋዊ መንገድ ብቻ ተሽጧል፤ በሕገወጥ የወጣው ሌላ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሙጫ ይቀባል፣ አንድ የታሰረ ወፍ ማታለያ ይሆናል፣ መንጋው ሲያርፍ ይጣበቃል። እንዲህ ተይዞ፣ በሣጥን ተጭኖ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ወፍ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ሲገባ «ይሄ ወፍ ጠባዩ መጥፎ ነው» ይባላል። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ንግዱን የከለከለው በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ነው። አሜሪካ በ1992፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ከዱር የተያዙ ወፎችን ማስገባት አቁመዋል።

ከእነዚህ ግራጫዎች አንዱ አሌክስ ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ሴት በሃርቫርድ በኬሚስትሪ ዶክትሬቷን ይዛ፣ ልቧ ግን ወደ ወፍ ሄዶ፣ በ1977 ቺካጎ አካባቢ ከሚገኝ የእንስሳት መሸጫ ገዛችው። ራሷ አልመረጠችውም፤ ሻጩ ይምረጥልኝ አለች፣ ኋላ «ብልጡን መርጠሽ ነው» እንዳይሏት። አሌክስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፈርቶ ከጎጆው አልወጣም ብሎ ነበር። ቀስ እያለ ወጣ። በኋላ የሠራው ዓለምን አስደነቀ፤ ከመቶ በላይ ቃል፣ ቀለም፣ ቅርጽ፣ እስከ ስድስትና ከዚያ በላይ ቁጥር። በ2007 ሞቶ ዜናው በየጋዜጣው ወጣ።

እኔን የያዘኝ ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስሙን በትክክል ለጠራው ዕቃ ሽልማቱ ራሱ ዕቃው ነበር። ቡሽ ካለ ቡሽ ይሰጠዋል፣ ይቦጫጭቀዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ሌላ ነበር፤ የስኪነር ተማሪዎች እርግቦቻቸውን ወደ 80 በመቶ ክብደታቸው አውርደው፣ ርበው፣ ለጥሬ ነው የሚያሠሯቸው። ሁለተኛ፣ አሌክስ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ሲሰለቸው «መመለስ እፈልጋለሁ» ይላል፤ ይመልሱታል። የወፏን እምቢታ ሰምቶ የሚያከብር ሰው ጋ ነው ወፏ እሺ የምትለው።

እዚህ ላይ ራሴን ጠየቅኩ። በረሃብ የሚመጣ መታመን መታመን ነው? ጭልፊት አሠልጣኞችም እስከ ዛሬ ክብደት ይመዝናሉ። የጠገበ ወፍ አይለቁም። ፈርጄ ጨረስኩ ብዬ ሳለ አንድ ነገር አገደኝ፦ ጭልፊቱን ይለቁታል። በሩ በየቀኑ ይከፈታል። ሎሚ ጎጆ ውስጥ ከጣቴ ብትበላ ምን ያስደንቃል፣ የት ትሄዳለች?

በነገራችን ላይ፣ የኛን ታሪክ ያወቀ ሰው ወፍና ንጉሥ ሲባል ሰሎሞን ትዝ ይለዋል። በክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባን ዜና የሚያመላልሰው ነጋዴው ታምሪን ነው። በቁርአን ግን ሁድሁድ የምትባል ወፍ ናት። ሰሎሞን ወፎቹን ሲቆጥር አጣትና ሊቀጣት፣ ሊያርዳትም ዛተ። ስትመጣ ግን ምን አለችው? አንተ የማታውቀውን አውቄ መጣሁ። ዛቻውን ትቶ አዳመጣት። ይሄን ለሙስሊም ወዳጆቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሌሎቻችሁ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ሹፌር ነው። አሠሪዎቹ ጭልፊት ያረባሉ። ጭልፊት ማሠልጠን እዚያ የአባት የአያት ባህል ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 ኤሚሬቶችን፣ ሳዑዲን፣ ኳታርን ጨምሮ በአሥራ አንድ አገሮች ስም መዝግቦታል። አቡዳቢ ከ1999 ጀምሮ የጭልፊት ሆስፒታል አለ። ተማሪዬ በድምፅ መልእክት እንዲህ እያለ ያጫውተኛል፦ አዲስ ወፍ ሲመጣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ቡና ይቀዳል፣ ሕፃን ይሮጣል፤ ሽማግሌው ወፉን በጓንት ይዘው ይጫወታሉ፣ አያዩትም። «ቲቸር፣ ዋናው አለማየት ነው። እንደሌለ ነው የሚያደርጉት። እሱ ግን እሳቸውን ሲያይ ነው የሚውለው።» ከዚያ ሳቀና ጨመረ፦ «እዚህ እኮ ጭልፊት የራሱ ፓስፖርት አለው። አውሮፕላን ላይ ወንበር ይዞ ይሄዳል። የኔን ግን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እሳቸው ናቸው የያዙት።»

እውነቱን ነው፤ የጭልፊት ፓስፖርት ያለ ነገር ነው፤ ሕገወጥ ንግድን ለመቆጣጠር የወጣ። የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ ግን ቁጥጥር አይባልም። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ስለ ፍሬድሪክና አልካሚል ልነግረው ነበር የደወልኩት።

ይሄ ልጅ እኔ ክፍል ሲማር የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አላወጣም። እኔ ደግሞ ያን ዓይነት ዝምታ ንቀት ይመስለኝ ነበር። አስነሳዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ፣ ይቆማል፣ አይመልስም። ከኋላው አልፌ ስሄድ አናቱን በኩርኩም እለዋለሁ። እናንተ የዚያ ክፍል ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ ትስቁ ነበር። ከላይ ነው የሚመጣው ኩርኩም፤ ሳያየው።

ባለፈው ሳምንት ጠየቅኩት። «ያንን ትዝ ይልሃል?» አልኩት። መልእክቱን ማየቱ ታየ፤ መልሱ እስኪመጣ ግን አንድ ቀን ፈጀ። «ቲቸር እኔ እኮ ታሪክ እወድ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም በድምፅ ይቅርታ ብዬ ላክሁለት፤ ባለቤቴ ጓዳ ሆና ሰማችኝ።

የሎሚ ነገር እንዲህ ነው። በተማሪዬ ምክር ጎጆዋን ከወለል አንስቼ ከደረቴ ከፍታ በላይ ሰቀልኩት፤ እጄ ከታች እንዲመጣ። ጠዋት ጠዋት ጎኔን ሰጥቻት ተቀምጬ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አላያትም። ለሦስት ሳምንት ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን የስፖርት ገጹ ላይ ስደርስ ጥርሷን እንደሚያፋጭ ሰው ምንቃሯን ማፋጨት ጀመረች፤ በጄሪጋር ዘና ስትል እንዲያ ታደርጋለች። ከሁለት ወር በኋላ የዳጉሳ ዘለላ በሽቦው መሀል ስዘረጋላት መብላት ጀመረች። አሁን ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግቼ በሩን እከፍትላታለሁ። መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ትበራለች፤ የምትወደው ቦታ የትምህርት ሚኒስቴር የድሮ መማሪያዎች የተደረደሩበት ነው፤ ጀርባቸውን በልታ ጨርሳለች። ስትመለስ ራሷ ነው የምትመለሰው፤ ፎጣውን ባለቤቴ ለወጥ ቤት ወስዳዋለች።

ጣቴ ላይ አትወጣም። ትናንት አንድ እግሯን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና አነሳች።

ልጁ ኮንትራቱ ጥር ላይ ያልቃል። ፓስፖርቱ እስከ ዛሬ አልተሰጠውም። እዚያ አገር ያላችሁ፣ ስለ እንዲህ ያለ ጉዳይ የት አቤት እንደሚባል የምታውቁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በአስተያየት መስጫው ላይ አይደለም፣ እባካችሁ። እስከዚያ ግን የሎሚን ቪዲዮ በየቀኑ እልክለታለሁ። ትናንት ያቺን እግር ስታነሳ የቀረጽኩትን አይቶ «አይቸኩሉባት» አለኝ።

ዳጉሳው አልቋል፤ ገበያ ልውጣ።